የበዓል ችቦ በማን እጅ ይሁን

ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል በሕዝብ ዘንድ ቡሄ ይባላል። ስለ ችቦው መነሻ ካህናት ሲያስተምሩ፣ ሽማግሌዎችም ሲተርኩ የኖሩት ነገር ይህ ነው፤ ጌታ በታቦር ተራራ ላይ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ በዚያ አካባቢ ከብት ይጠብቁ የነበሩ እረኞች ሕፃናት ብርሃኑን አይተው የመሸ ሳይመስላቸው በሜዳ ቀሩ፤ ወላጆቻቸውም የልጆቻቸው መዘግየት ቢያሳስባቸው በአንድ እጃቸው ችቦ፣ በሌላው እጃቸው ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ ይባላል። ሙልሙሉም ችቦውም የዚያ መታሰቢያ ነው። ይህን ትረካ በዓመት በዓመቱ የማይሰማ ሰው የለም፤ ነገር ግን በውስጡ ያለውን አንድ ቁም ነገር ልብ የሚለው ጥቂት ነው። በትረካው ውስጥ ችቦውን የያዘው ወላጅ ነው፤ ለልጁ የቀረበለት ዳቦው ነው።

ዛሬ ግን ነገሩ በብዙ ቦታ ተገላብጦ ይታያል። ወላጅ በቤቱ ተቀምጦ ዳቦውን ሲቆርስ፣ ልጁ ችቦውን ይዞ በጨለማ ይሮጣል። በእሳት የሚከበሩት በዓላትም አንድ ሁለት ብቻ አይደሉም። የቡሄ ዋዜማ ችቦ አለ፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ችቦ አለ፤ እንደየአገሩ ልማድ መስከረም 16 ማታ ወይም መስከረም 17 ንጋት የሚለኮሰው የመስቀል ደመራ አለ፤ በቅርብ ዘመንም በከተሞች በገናና በዘመን መለወጫ የሚተኮሰው ርችት በዚህ ላይ ተጨምሯል። እንግዲህ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ገና ድረስ እሳት በሕፃናት አጠገብ ደጋግሞ የሚነድ መሆኑ የታወቀ ነው።

ይህን ማለት በዓሉን መንቀፍ አይደለም። የመስቀል በዓል በኅዳር 2006 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ የአገር ክብር ነው። ያለ ብርሃን ደመራ፣ ያለ ችቦ ቡሄ አይታሰብም። ስለዚህ የሚጠየቀው እሳቱ ይጥፋ ወይም ይኑር ተብሎ አይደለም፤ እሳቱ በማን እጅ ይሁን ተብሎ ነው።

ነገሩ በግልጥ እንዲታይ አንድ ቦታን መመልከት ይበቃል። በምሥራቅ ጎጃም፣ ከብቸና ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርቱ ስሙ ከጥንት የታወቀ ገዳም ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልቦለድ የዲማን ስም ቦታውን በዓይኑ ያላየው አንባቢ ሁሉ እንዲያውቀው አድርገዋል። እንደዚህ ባለ የትምህርት ደብር ዙሪያ ከቀዬአቸው ርቀው የመጡ ተማሪዎች ሣር በለበሱ ትንንሽ ጎጆዎች ተጠጋግተው ያድራሉ። ከእነዚህም መካከል ገና ድምፃቸው ያልጎረነነ ሕፃናት አሉ። የደብረ ታቦር በዓል ደግሞ በአብነት ትምህርት ቤት ከሌላው በዓል ሁሉ ይልቅ የተማሪው በዓል ነው፤ ተማሪዎች እህል አሰባስበው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ አስጋግረው ደስ ብሏቸው የሚያከብሩት ቀን ነው። እንግዲህ በዚያች ሌሊት በሣር ጎጆዎች መካከል ችቦ ሲቀጣጠል፣ እናትና አባቱ በሌላ ወረዳ ያሉት ልጅ ችቦ ይዞ የሚፈልገው ወላጅ ከወዴት ይመጣለታል? የዚህ ነገር ክብደት በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ስለ ሣር ክዳን የሚነገር አንድ አሳሳች አስተያየት አለ። ነሐሴ የዝናብ ወር ስለ ሆነ ክዳኑ ርሷልና እሳት አይዘውም ይባላል። ዳሩ ግን ከላይ የረጠበው ሣር ከውስጥ በኩል በምድጃ ጢስ ሲደርቅ የከረመ ነው፤ ብልጭታው በጠርዙ በኩል ከገባ ውጭው እርጥብ መሆኑ አያድነውም። ጎጆ ከጎጆ በተጠጋበት ሰፈርም አንዱ ሲነድ ሌላውን መለየት አይቻልም። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ዝናቡ አልፎ፣ ሣሩ ደርቆ፣ የጤፉና የስንዴው ክምር በየአውድማው የሚታይበት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ የሚተኮስ አንድ ርችት የልጁን ዓይን ባያገኝ የአባቱን የዓመት እህል ሊያገኝ ይችላል።

ሕፃን በእሳት ፊት እንደ ትልቅ ሰው አይደለም። ቆዳው ስስ ስለ ሆነ ትልቁን ሰው ለጥቂት የሚለበልበው ትኩሳት ልጁን ጠልቆ ያቃጥለዋል። ቁመቱም አጭር ነውና ጓደኛው ዝቅ አድርጎ የያዘው ችቦ በቀጥታ ወደ ፊቱ ይመጣል። ለበዓል ብላ እናቱ የምታለብሰው ስስ የጥጥ ነጠላ እሳትን ፈጥኖ ይቀበላል፤ ዘርፉም እየተንዘረፈፈ ፍም ይጠርጋል። ከገበያ የሚገዛው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ደግሞ ሲነድ ቀልጦ በገላ ላይ ይጣበቃል። ቀድሞ የቆሎ ተማሪ ይለብሰው የነበረው የበግ ደበሎ እንኳ እሳትን እንደ ስስ ጥጥ ቶሎ የማይቀበል ነበር።

በደመራም በኩል ሁለት ነገሮች ሳይነገሩ አይታለፉም። አንደኛው፣ ክረምቱ ገና በመውጣት ላይ ስለ ሆነ እንጨቱ ረጥቦ እንቢ ሲል ቤንዚን የማርከፍከፍ ልማድ መምጣቱ ነው። ቤንዚን ትነቱ በዓይን ሳይታይ በመሬት ላይ ተስቦ ይሄዳል፤ የሚለኩሰው ሰው ክብሪቱን ሲጭር የሚነደው እንጨቱ ብቻ ሳይሆን በእንጨቱና በሰውዬው መካከል ያለው አየር ጭምር ነው። ከፊት ተሰልፎ የቆመ ሕፃንም በዚያ መካከል ይገኛል። ሁለተኛው፣ ደመራው ወድቆ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ምእመናን በግንባራቸው መስቀል የሚያደርጉበት ያ አመድ ከላይ ነጭና የቀዘቀዘ መስሎ ከሥሩ እስከ ማግሥቱ ድረስ ፍም ይዞ ያድራል። ትልቁ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ ልጆች በዚያው ቀርተው በባዶ እግራቸው በዙሪያው ይጫወታሉ። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ነበልባሉ ባለበት ጊዜ ነው፤ አመዱ ግን ጠባቂ የለውም።

ርችት የተባለው ነገር ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ርችት ሥሩ ባሩድ ነው፤ ባሩድም ከሺህ ዓመት በፊት በቻይና አገር የተገኘ፣ ጨው መሰል ከሆነ ማዕድን፣ ከድኝና ከከሰል የተቀመመ፣ ለጠመንጃም የዋለ ነገር መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ከሁሉ ይልቅ ጉዳት የሌለው መስሎ ለሕፃን የሚሰጠው በእጅ ተይዞ ኮከብ የሚረጨው ቀጭን ዘንግ ነው። የዚህ ዘንግ ጫፍ ግን ትኩሳቱ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። የፈላ ማሰሮ ለልጇ የማታስይዝ እናት ከዚያ አሥር ጊዜ የሚብሰውን ነገር መብራቱ ስላማረ ብቻ ታስይዘዋለች።

የውጭ አገር ሰዎች ይህን ነገር በመራራ ዋጋ ተምረውታል። በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቡዌኖስ አይሬስ በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በአንድ የሙዚቃ አዳራሽ ውስጥ የተለኮሰ ርችት ጣሪያውን አቀጣጥሎ 194 ሰዎች ሞቱ። በሰሜን መቄዶንያ ኮቻኒ በምትባል ከተማ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ለጭፈራ ማድመቂያ የተረጨ ብልጭታ ጣሪያ ይዞ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ጠፉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት ወጣቶች ነበሩ። በሁለቱም ቦታ ገዳዩ ትልቅ ነበልባል አልነበረም፤ ቶሎ የሚነድ ጣሪያ ያገኘ አንድ ትንሽ ብልጭታ ነበር። ሣር የለበሰ ጎጆ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም። በእንግሊዝ አገር ከጥቃቅኖቹ በቀር ርችትን ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። በኢትዮጵያም ፖሊስ በበዓላት ዋዜማ ሕዝቡ ርችት እንዳይተኩስ ያሳሰበባቸው ዓመታት አሉ። ነገር ግን ማሳሰቢያው በዋዜማው ተነግሮ ዕቃው ከሳምንት በፊት በየሱቁ ከተሸጠ የተከለከለው ነገር አስቀድሞ በልጅ ኪስ ገብቷል ማለት ነው።

ከዚህም በቀር የዚህን ዘመን የሚመለከት ሌላ ምክንያት አለ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገው ጦርነት በየሜዳው የቀሩት ያልፈነዱ ጥይቶችና ቦምቦች ተኩሱ ካቆመ በኋላ እንኳ ሕፃናትን ገድለዋል፤ አካልም አጉድለዋል። ልጁ ያነሣው መጫወቻ መስሎት ነው። የሚፈነዳ ነገር ሁሉ የደስታ መሣሪያ መሆኑን በበዓል ቀን የተማረ ሕፃን፣ በሌላ ቀን በእርሻ ዳር ያገኘውን ብረት በምን ለይቶ ይሸሸዋል? የተኩስ ድምፅ ያስለቀሰው ልጅም በርችቱ ድምፅ ደስ አይለውም፤ ይደነግጣል እንጂ።

በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ይነገራል። የመጀመሪያው፣ አባቶች ሁሉ በልጅነታቸው ችቦ ይዘው አድገዋል፤ ምን ሆኑ? የሚል ነው። እንዲህ ብሎ የሚናገረው ግን በደኅና ያደገው ሰው ነው። ዓይኑ የጠፋው፣ ጣቶቹ የተኮማተሩት ሰው ሲናገር አልተሰማም፤ ጠባሳውን በጋቢው ሸፍኖ ይቀመጣልና። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ በዓሉ የእግዚአብሔር በዓል ነውና እርሱ ይጠብቃል የሚል ነው። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ደጋግ ሰዎች ስለ ሆኑ መልሱ ከመጽሐፍ ሊሰጣቸው ይገባል። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ እንዳይሆንበት በዙሪያው መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። በኦሪት ዘጸአትም በምዕራፍ 22 ቁጥር 6 ከእሾህ ተነሥቶ የእህል ክምር ያቃጠለውን እሳት ያነደደው ሰው እንዲከፍል ተወስኗል። የጠባቂነቱን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ሕግ ሠሪው ጌታ፣ እኔ እጠብቃለሁና መከታ አትሥሩ አላለም። ስለዚህ በዓልን ያለ መከታ ማክበር እምነት ሳይሆን ትእዛዝ መተው ነው።

የመንግሥትም ሕግ ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚፈነዳ ነገር በማከማቸት ወይም በመጠቀም ሌላውን ሰው ከተለመደው በላይ ለሆነ አደጋ ያጋለጠ ሰው አደጋው በደረሰ ጊዜ ኃላፊ እንዲሆን ደንግጓል፤ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳትም አባቱን ተጠያቂ ያደርጋል። እንግዲህ ኦሪቱም ሕጉም የሚጠይቁት ልጁን አይደለም፤ እሳቱን በልጁ እጅ የተወውን ትልቅ ሰው ነው።

ዳሩ ግን ክልከላ ብቻውን ሥራ አይሠራም። ችቦ አትንካ ብቻ የተባለ ልጅ ከቤት ጀርባ ተደብቆ ይለኩሰዋል፤ ተደብቆ የለኮሰውም ሲቃጠል ፈርቶ ይሸሸጋል። ስለዚህ ከእጁ የተወሰደበትን ነገር የሚተካ የክብር ሥራ ሊሰጠው ያስፈልጋል። ጭራሮ መልቀም፣ ችቦውን በቀን ማሰር፣ አደይ አበባ መቅጠፍ፣ ሆያ ሆዬ ማለት፣ መዝሙር መቀበል፣ ሙልሙል መሰብሰብ የልጆች ድርሻ ናቸው። ጅራፍ ማጮኽም ቢሆን የጓደኛን ዓይን እንዳያገኝ ተራርቀው በገላጣ ሜዳ ላይ ይሁን። መለኮስና የነደደውን መያዝ ግን የትልቅ ሰው ሥራ ነው። ልጁም ይህ ማዕረግ ዕድሜው ሲደርስ እንደሚሰጠው ቢነገረው፣ የዲቁና ተራውን እንደሚጠብቅ ሁሉ ይህንንም ይጠብቃል።

ሥራውን ለመፈጸም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በየደብሩ ያለው ሰበካ ጉባኤ በእያንዳንዱ የእሳት በዓል ሁለት ወይም ሦስት አስተዋይ ሰዎችን የእሳት ጠባቂ አድርጎ በስም ይሹም። እነዚህ ሰዎች ከደመራው ቁመት ሁለት እጥፍ በማያንስ ርቀት ገመድ ወይም ድንጋይ አድርገው ሕፃናት ከዚያ እንዳያልፉ ይከልክሉ፤ ቤንዚን እንዳይረጭ ይልቁንም ደረቅ ጭራሮ አስቀድሞ ከዝናብ ተከልሎ እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ ውሃ የሞላ እንስራና ባልዲ በአጠገባቸው ያኑሩ፤ ሕዝቡ ሲሄድም እነርሱ ሳይሄዱ አመዱን በውሃ አጥፍተው ወይም በአፈር ከልለው ይለዩ። ካህናትም በበዓሉ ሳምንት ከቅዳሴ በኋላ ስለዚህ ነገር ቃል ቢያሰሙ፣ ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ የእነርሱ አንድ ቃል በገበሬው ልብ ይገባል። በዲማና ዲማን በመሰሉ ደብሮች ደግሞ የኔታ ለተማሪዎቻቸው በወላጅ ፋንታ ናቸውና ችቦው ከጎጆዎቹ ርቆ በገላጣ ቦታ እንዲነድ፣ ለትንንሾቹም እያንዳንዳቸው አንድ ታላቅ ተማሪ ጠባቂ እንዲሆንላቸው ቢያዝዙ ማንም ትእዛዛቸውን አይተላለፍም።

የወረዳና የቀበሌ ሹማምንትም ድርሻ አላቸው። ርችት እንዳይተኮስ ከሆነ የሚፈለገው፣ ቁጥጥሩ በሻጩ ሱቅ ይጀመር እንጂ በልጁ ኪስ አይጀመር። የጤና ጣቢያ ሠራተኞች በበዓል ሌሊት ተራ ይዘው እንዲያድሩ፣ ከገጠር ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የሚያደርስ መኪናም አስቀድሞ እንዲታወቅ ማድረግ የአንድ ቀን ምክር ብቻ ይበቃዋል። በጨለማና በጭቃ መንገድ ላይ መኪና መፈለግ የሚጀመረው ልጁ ከተቃጠለ በኋላ ከሆነ ግን ጊዜው አልፏል።

አደጋ ቢደርስስ ምን ይደረግ? ልብሱን እሳት የያዘውን ልጅ እንዲሮጥ አይተዉት፤ ሩጫ ነበልባሉን ያበዛዋልና መሬት ላይ አስተኝተው ያንከባልሉት፣ ወይም በወፍራም ጋቢ ያፍኑት። ከዚያም የተቃጠለውን ቦታ በሚወርድ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ያብርዱለት። ቅቤ፣ ጭቃ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና የመቀባት ልማድ ትኩሳቱን ከውስጥ ያፍናል፤ ቁስሉንም ያመረቅዛል። በገላው ላይ የተጣበቀ ጨርቅ በግድ አይላጥ፤ ውሃ የቋጠረውም አይፈንዳ። አምባርና ቀለበት ቢኖረው እብጠት ሳይመጣ ይውለቅ። ርችት ወይም ጅራፍ ያገኘው ዓይን ደግሞ ከቶ አይታሽ፤ ሳይጫኑት በንጹሕ ነገር ከልሎ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ይህን ያህል ትምህርት በአንድ እሑድ ተነግሮ የሚያልቅ ሲሆን የአንድን ሕፃን ፊት ከዕድሜ ልክ ጠባሳ ሊያድን ይችላል።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ያለውን ነገር ነው። ገመዱም፣ እንስራውም፣ ጠባቂውም ሁሉ ያ ቅጠል ናቸው፤ ዋጋቸው ቅጠል ያህል ነው፤ የሚያድኑት ግን ሰው ነው። ከቀዬው ርቆ በዲማ ጎጆ የሚያድር ሕፃን እናቱ በቡሄ ሌሊት ስታስበው፣ ልጄን የሚያየው ሰው አለ ብላ እንድትተኛ ማድረግ ለካህኑም ለሹሙም የሚገባ ሥራ ነው።

በትረካው እንደ ተነገረው እረኞቹ ሕፃናት በሜዳ ቀርተው ሳለ ወላጆቻቸው በችቦ ብርሃን ፈልገው አገኟቸው፤ ዳቦውንም አጎረሷቸው። በመጪው ቡሄም ችቦው በአባት እጅ ይሁን፤ ልጁም ዳቦውን ይዞ በብርሃኑ ይምጣ።